ለየልጁ የሚስማማ የቤት ውስጥ ሥርዓተ ትምህርት እንዴት ይመረጣል? በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ልጆቻቸውን በቤት ለማስተማር የወሰኑ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛው ሥርዓተ ትምህርት ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ልጁ ሳይጠቀስ በጥቅሉ ሲቀርብ መልስ አይገኝለትም፤ አንዱን ልጅ ያስደሰተ መጽሐፍ የእናቱን ልጅ ሊያስለቅሰው ይችላልና። ገበያው ደግሞ ሰፊ ነው። የዓመቱን ትምህርት በሙሉ በአንድ ካርቶን አሽጎ የሚልክ አሳታሚ አለ፤ ሒሳብ ብቻ ወይም ንባብ ብቻ የሚያዘጋጅ አለ፤ ሁሉንም በኮምፒውተር የሚያስተምርም አለ።

ይህ መመሪያ የሚከተለው አካሄድ ግልጽ ነው። ሒሳብና ንባብ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ይመረጣሉ፤ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ግን በተቻለ መጠን ለቤቱ ልጆች ሁሉ በጋራ ይመረጣሉ። ሒሳብና ንባብ አንዱ ትምህርት በሌላው ላይ እየተደረበ የሚሄድባቸው ስለሆኑ ልጁ ካለበት እርከን ውጭ ሊጀመሩ አይችሉም። ስለ ጥንታዊት ግብፅ የሚተርክ መጽሐፍ ግን የ7 ዓመቱም የ11 ዓመቷም ልጅ እኩል ተቀምጠው ያደምጡታል፤ የሚለያዩት ካደመጡ በኋላ በሚጽፉት መጠን ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ወላጅ ገንዘቡም ጉልበቱም ይተርፍለታል።

ደረጃ 1፦ የሚኖሩበት ግዛት ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ

የቤት ውስጥ ትምህርት በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከግዛት ግዛት እጅግ ይለያያል። ሕጎቹ በአብዛኛው የትምህርት ዓይነቶችን ይዘረዝራሉ እንጂ «ይህን መጽሐፍ ተጠቀሙ» አይሉም። ቢሆንም ግዛቱ የልጁን መሻሻል የሚመዝንበት መንገድ በመጽሐፍ ምርጫ ላይ ተጽዕኖ ስላለው ምርጫው ከዚህ መጀመር አለበት።

በቨርጂኒያ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ማሳወቂያ ይልካል፤ ከማሳወቂያው ጋር የሚያያዘው ልጁ የሚማራቸው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ነው። በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ድረስ ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ማስረጃው ብዙውን ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ ፈተና ውጤት ሲሆን ውጤቱ ከ9ኙ የምዘና እርከኖች ቢያንስ በ4ኛው ላይ መሆን አለበት፤ በፈተና ፋንታ ብቃት ያለው ሰው የሚጽፈውን ግምገማ ማቅረብም ይቻላል። በሜሪላንድ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የማኅበረሰብ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ የጤና ትምህርትና የሰውነት ማጎልመሻ በመደበኛነት መሰጠት ያለባቸው ሲሆን ካውንቲው የልጁን ሥራዎች የያዘ ፖርትፎሊዮ በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊመረምር ይችላል። ቴክሳስ በአንጻሩ ምዝገባም ፈተናም አይጠይቅም፤ ንባብ፣ የቃላት አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና የዜግነት ትምህርት በእውነት መሰጠታቸው ይበቃል።

የዚህ ልዩነት ውጤት የሚታየው መጽሐፍ ሲመረጥ ነው። በሜሪላንድ የሚኖር ወላጅ ልጁ በቃል ብቻ የሚመልስበትን ወይም ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀርበትን ትምህርት ከመረጠ ለገምጋሚው የሚያሳየው ወረቀት ያጥረዋል፤ ስለዚህ ከየትምህርቱ በየወሩ ቀን የተጻፈበት ጥቂት ናሙና ማስቀመጥ ይኖርበታል። በቨርጂኒያ በፈተና የሚመዘን ልጅ ደግሞ ፈተናው የሚያነሣቸውን ርዕሶች ከፈተናው ቀን በፊት ማየቱ መረጋገጥ አለበት። ሕጎች ስለሚሻሻሉ ከግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ጋር በየዓመቱ ማመሳከር ያስፈልጋል። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት የሚሰጡት ትምህርት ልጁ ቤት ሆኖ ቢከታተለውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ትምህርት ነው፤ መጻሕፍቱንም የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ጀርመን ላሉ ወገኖቻችን ልጅን በቤት ማስተማር በሕግ ዝግ ሲሆን በስዊድንም ከልዩ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም።

ደረጃ 2፦ ከመግዛት በፊት ልጁን ማጥናት

ልጆችን «በማየት የሚማር»፣ «በመስማት የሚማር»፣ «በመዳሰስ የሚማር» እያሉ መክፈልና ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ መጽሐፍ መግዛት በቤት ውስጥ ትምህርት ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። ይሁንና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ፣ ትምህርትን ከእነዚህ ክፍፍሎች ጋር ማዛመድ የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። እኔም ወላጆች በዚህ መለያ ላይ ጊዜ ባያጠፉ እመርጣለሁ። ሊታዩ የሚገባቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ልጁ ዛሬ ምን ያውቃል? የተማረው ምን ያህል ይቆይለታል? በአንድ ሥራ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሲሳሳት ምን ያደርጋል? እጁ ለመጻፍ ምን ያህል ጠንክሯል? የሚያነበውን እንግሊዝኛ ምን ያህል ይረዳል?

ለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ የሚያስፈልገውም ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። ለአንድ የ8 ዓመት ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ስንት እንደሚሆን ጽፈው ይስጡትና ሲሠራ ዝም ብለው ይመልከቱ። «35» ብሎ ከጻፈ ከ7 ላይ 2፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሷል ማለት ነው፤ በየዓምዱ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ እየቀነሰ ነው እንጂ 52 ማለት አምስት አሥሮችና ሁለት አንዶች መሆኑ አልገባውም። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው አሥሮችንና አንዶችን በእጁ እየያዘ የሚፈታበትና የሚያስርበት ትምህርት ነው። ሌላው ልጅ በትክክል «25» ብሎ ይጽፍና «ለምንድን ነው ከ5ቱ ላይ አንድ የተበደርከው?» ሲባል «እንደዚያ ነው የሚሠራው» ብሎ ይመልሳል፤ እርሱ ስሌቱን ይዟል፣ ምክንያቱ ግን ይቀረዋል። ሦስተኛው እርሳሱን ሳያነሣ «ከ27 እስከ 50 ድረስ 23፣ ሁለት ሲጨመር 25» ይላል። ሦስቱም እኩዮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ መጽሐፍ ግን ለሦስቱም አይሆንም።

የማስታወስ ችሎታውን ለማየት ደግሞ ሰኞ አንድ አዲስ ነገር ያስተምሩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳያነሡት በሚቀጥለው ሰኞ ይጠይቁት። ጭራሽ ከጠፋው በየቀኑ የሚከልስ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ እንዳለ ካገኙት ግን ያንኑ በየቀኑ ማስደጋገም ያሰለቸዋል። እንዲሁም ጥያቄዎቹን በቃል ሲጠየቅ ሁሉንም የሚመልስ፣ በጽሑፍ ሲሆን ግን ከሦስተኛው በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በመጻፍ እንጂ በሒሳብ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጥቂት ጥያቄ በገጽ የያዘ መጽሐፍ መምረጥ ወይም እናቱ መልሱን እየጻፈችለት እንዲቀጥል ማድረግ ይበቃል፤ የሒሳቡን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ግን ልጁን መበደል ነው።

ከትምህርት ቤት ተከፍቶ የወጣ ልጅ ከሆነ ይህ የጥናት ጊዜ ቢረዝም አይክፋዎ። ፈርቶ የሚመልስ ልጅ ያለውን እውቀት አያሳይም፤ በዚያ ሁኔታ የተወሰደ መለኪያም ያሳስታል።

ደረጃ 3፦ ደረጃውን በመመደቢያ ፈተና መለየት

በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ባለው የክፍል ቁጥር መተማመን አይገባም። ታዋቂዎቹ የሒሳብ አሳታሚዎች ልጁ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚለይ የመመደቢያ ፈተና በነፃ ያቀርባሉ፤ ምንም ነገር ከመግዛት በፊት ልጁ ይህን ፈተና ይፈተን። ቁጥሮቹ ከአሳታሚ አሳታሚ አይመሳሰሉም። ሳክሰን «5/4» ብሎ የሰየመው መጽሐፍ ለመካከለኛ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ወይም ለፈጣን የ4ኛ ክፍል ተማሪ የታሰበ ነው፤ ማት ዩ ሲ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ መጻሕፍቱን አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ እያለ በግሪክ ፊደላት ይጠራቸዋል። ይህ የመጨረሻው አጠራር ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ ክብሩን ይጠብቅለታል፤ የ10 ዓመት ልጅ «2ኛ ክፍል» የሚል መጽሐፍ ሲይዝ የሚሰማውን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

በቅርቡ ከኢትዮጵያ ለመጡ ልጆች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማባዣ ሰንጠረዥን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ በፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት ሲያመጣ ምክንያቱ የሒሳብ ድካም ላይሆን ይችላል። በሜትርና በኪሎ የለመደ ልጅ ኢንች፣ ፉት፣ ፓውንድና ጋሎን ይገጥሙታል፤ ኳርተርና ዳይም የሚባሉ ሳንቲሞች ስንት እንደሆኑ የነገረው የለም፤ የቃላት ጥያቄውም (በዓረፍተ ነገር ተተርኮ የሚቀርበው የሒሳብ ጥያቄ) በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች በአማርኛ አንብበውለት እንደገና ይሞክር። በአማርኛ ከመለሳቸው የሒሳብ መጽሐፉ በእውነተኛ ደረጃው ይገዛ፤ መለኪያዎቹና ሳንቲሞቹ በጥቂት ሳምንት ለብቻቸው ሊሰጡ ይችላሉ።

ደረጃ 4፦ ሒሳብ

የሒሳብ መጻሕፍት በአቀራረባቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ከየርዕሱ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ ደጋግመው ይመለሱበታል፤ ሌሎቹ አንዱን ርዕስ ጨርሰው ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

ሳክሰን ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። በየዕለቱ አንድ ትንሽ አዲስ ነገር ያስተምርና ከዚያ በኋላ ቀደም ሲል ከተሰጡት ሁሉ የተቀላቀሉ ወደ 30 የሚጠጉ ጥያቄዎችን ያሠራል። የተማረው ቶሎ ለሚጠፋበትና ሥርዓት ለሚወድ ልጅ እጅግ ይስማማል። አንዴ ነግረውት ለሚይዝ ልጅ ግን 30ውንም ጥያቄ በየቀኑ ማሠራት ትምህርቱን ያስጠላዋል። ማት ዩ ሲ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ መምህሩ በቪዲዮ ያስረዳል፣ ልጁም ቁጥርን በሚወክሉ ባለ ቀለም ብሎኮች ይሠራል። አልፋ መደመርና መቀነስን፣ ጋማ ማባዛትን፣ ዴልታ ማካፈልን፣ ኤፕሲሎን ክፍልፋይን ዋና ርዕሳቸው አድርገው ይይዛሉ። 52 ሲቀነስ 27 «35» ላለው ልጅ ከማስበው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይህ ነው። ነገር ግን ጋማ ላይ ያለ ልጅ ክፍልፋይ ገና አልጀመረም፤ በቨርጂኒያ የሚኖርና በጸደይ ፈተና የሚቀመጥ ከሆነ ወላጁ ይህን አስቀድሞ ማወቅና ጥቂት ገጽ ከሌላ ምንጭ ማሠራት አለበት፤ ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ገጽ ለዚህ በነፃ ያገለግላል።

በሲንጋፖር ሥርዓት የተዘጋጁት መጻሕፍት በመጀመሪያ በሚዳሰስ ነገር፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻም በቁጥር ያስተምራሉ። ዋና ኃይላቸው በቃላት ጥያቄ ላይ ነው። «ወንድምና እኅት በአንድነት 36 ዶላር አላቸው፤ የወንድሙ ከእኅቱ በ8 ይበልጣል፤ የእኅቱ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ልጁ ሁለት አግዳሚ ሣጥኖችን አንዱን ከአንዱ በታች ይሥላል፤ የላይኛው በ8 ይረዝማል። ያንን ትርፍ 8 ከ36 ላይ ሲያነሣ 28 ይቀራል፤ ሁለቱ ሣጥኖችም እኩል ስለሚሆኑ የእኅቱ 14 ነው። ልጁ ገና አልጀብራ ሳይማር የአልጀብራን ነገር በዓይኑ አየው። ለዚህ መጽሐፍ ግን የመምህሩ መመሪያ የግድ ያስፈልጋል፤ የልጁን ደብተር ብቻ ገዝቶ «ሥራ» ብሎ መተው ሲንጋፖርን ከንቱ ያደርገዋል። በአእምሮው ፈጥኖ ለሚያሰላው ልጅ ደግሞ ቢስት አካዳሚ አለ። ትምህርቱ በሥዕላዊ ታሪክ የቀረበ ሲሆን ጥያቄዎቹ ሆን ተብለው የከበዱ ናቸው፤ በአንድ ጥያቄ ላይ ብዙ ደቂቃ መቆየትን የማይጠላ፣ መሳሳትም የማያስደነግጠው ልጅ ይወደዋል። ጎበዝ ሆኖ መሳሳትን እጅግ ለሚፈራ ልጅ ግን በዋና መጽሐፍነት አልመክረውም።

ቲቺንግ ቴክስትቡክስ የሚባለው በኮምፒውተር የሚያስተምርና ራሱ የሚያርም ነው። አባት በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ እናት በሆስፒታል አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ በሚውሉበት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እፎይታውም በንቀት ሊታይ አይገባም። ወላጅ ግን በሳምንት አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ልጁ ሁለት ሦስት ጥያቄ በወረቀት ሲሠራ ማየት አለበት፤ መልስን በግምት እየነካ የሚያልፍ ልጅ በኮምፒውተር ውጤቱ ብቻ አይታወቅምና።

ደረጃ 5፦ ንባብ

ማንበብ ላልጀመረ ልጅ ድምፅንና ፊደልን በቅደም ተከተል የሚያስተምር የፎኒክስ ሥርዓት ይመረጣል። ልጁ አስቀድሞ ማንበብ የጀመረ ቢመስልም መፈተን ይገባል። ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት፣ ለምሳሌ «ዚብ»ን ወይም «ቫፍ»ን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ያስነብቡት። ፊደላቱን እያገጣጠመ ካነበበ መሠረቱ አለ፤ የሚመስለውን ሌላ የሚያውቀው ቃል ከጠራ ግን እስካሁን ቃላትን በመልካቸው ሸምድዷል እንጂ አላነበበም፤ ከመጀመሪያው የፎኒክስ እርከን ሊጀምር ይገባል።

ኦል አባውት ሪዲንግና ሎጂክ ኦፍ ኢንግሊሽ በዚህ ረገድ የታወቁ ሲሆኑ መምህሩ የሚናገረውን ሳይቀር ስለሚጽፉ ማስተማር ለማያውቅ ወላጅ ይቀላሉ። የመጀመሪያው በማግኔት ሰሌዳ ላይ በሚንቀሳቀሱ ፊደላትና በጨዋታ ስለሚያስተምር መቀመጥ ለማይወድ ልጅ ይመቻል። አማርኛ አፍ የፈታን ወላጆች ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ አጭሩንና ረጅሙን የ«ኢ» ድምፅ፣ ወይም ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበትን ድምፅ አብዛኞቻችን አንለይም። ስለዚህ የድምፆቹ ቅጂ በድምፅ ወይም በስልክ መተግበሪያ አብሮት የሚመጣ ሥርዓት ይመረጥ፤ ልጁ ድምፁን ከቅጂው ይሰማል፣ ወላጅ ደግሞ ሥርዓቱን ያስከብራል። አክሰንት ያለው ወላጅ ንባብ ማስተማር አይችልም ማለት ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ከ7 ዓመት በላይ ሆኖ፣ በቂ ትምህርትም አግኝቶ፣ ድምፆችን መነጠልና ማገጣጠም አሁንም የሚያስቸግረው ልጅ የዲስሌክሲያ፣ ማለትም ንባብን የሚያከብድ የመማር ችግር፣ ምልክት ሊኖርበት ይችላል። ይህ የሚመጣው ሁለት ቋንቋ በመናገር አይደለም፤ «አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር ቢሰጥዎ አይቀበሉት። ችግሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ከታየ የቋንቋው ልምድ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛም «በግ» እና «በር» በምን ድምፅ እንደሚለያዩ መናገር ከከበደው ግን ምዘና ይጠየቅ። በፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ መሠረት የሕዝብ ትምህርት ዲስትሪክቶች በቤት የሚማሩትን ጨምሮ በክልላቸው ያሉ እንዲህ ዓይነት ልጆችን የመለየት ግዴታ አለባቸው፤ ምዘናው ነፃ ነው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ የማይቻል ካልሆነ በቀርም ልጁ በሚናገረው ቋንቋ መመዘን አለበት። ከምዘና በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት ከግዛት ግዛት ይለያል። ለዲስሌክሲያ የተዘጋጀው የባርተን የንባብና የቃላት አጻጻፍ ሥርዓት ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ወላጅ በቤት ሊያስተምርበት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያገለገለውን ገዝቶ ተጠቅሞ መልሶ መሸጥም የተለመደ ነው።

አንድ ጊዜ አቀላጥፎ ማንበብ ለቻለ ልጅ ሌላ የንባብ ሥርዓት መግዛት አያስፈልግም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ይበቃዋል።

ደረጃ 6፦ በጋራ የሚማሩትን መምረጥ

ለታሪክና ለሳይንስ ሁሉም ልጆች አንድ ላይ የሚቀመጡበት፣ በንባብና በጭውውት ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ይመረጣል። እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ያስተማረችው ዘዴ ለዚህ በጣም ይጠቅማል፦ ትምህርቱ አጭር ይሆናል፤ ከደረቅ ማጠቃለያ ይልቅ ደራሲው ወዶ የጻፈው መጽሐፍ ይነበባል፤ ከዚያም ልጁ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይተርካል። በዚህ ዘዴ መሠረት የተዘጋጀ አምብልሳይድ ኦንላይን የሚባል ሥርዓተ ትምህርት በነፃ ይገኛል።

መልሶ መተረክ ለእኛ ቤት የሚሰጠው ተጨማሪ ጥቅም አለ። ምንባቡ በእንግሊዝኛ ይነበብና ትረካው በአማርኛ ይሁን። የ10 ዓመቷ ልጅ አንድ ምዕራፍ ስለ ሮም ካዳመጠች በኋላ ለአያቷ በአማርኛ ስትነግራት ያልገባት ቦታ ወዲያው ይታወቃል፤ አያቷም «ኋላስ ንጉሡ ምን አለ?» ብላ ስትጠይቃት ተመልሳ ታነባለች። የ7 ዓመቱ ወንድሟ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢናገርና ሥዕል ቢሥል ለዕድሜው በቂ ነው። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ዓይነት ሥራ።

የታሪክ መጽሐፍ ከመግዛት በፊት ማውጫውን ይመርምሩ። ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ በ1888 ዓ.ም. ስለተገኘው የአድዋ ድል ምን ይላል? አፍሪካ የምትነሣው በባሪያ ንግድ ምዕራፍ ብቻ ከሆነ መጽሐፉ የልጅዎን ግማሽ ታሪክ ትቶታል፤ ሌላው ይዘቱ መልካም ቢሆን እንኳ የጎደለውን በዝርዝር ጽፈው ለመሙላት ካልተዘጋጁ አይግዙት። በሃይማኖት ረገድም ተመሳሳይ ምርመራ ያስፈልጋል። አቤካና ቢ.ጄ.ዩ ፕሬስ በቤት ከሚያስተምሩ ወላጆች ዘንድ በስፋት የሚታወቁ ሲሆኑ ሁለቱም ከአሜሪካ ፕሮቴስታንት ተቋማት የወጡ ናቸው፤ አስተምህሮቱም በሃይማኖት መጽሐፍ ብቻ ሳይወሰን በታሪኩ፣ በሳይንሱና በንባቡ ውስጥ አለ። ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክም ሆነ ሙስሊም ወላጅ፣ ወንጌላውያኑም ጭምር፣ የናሙና ምዕራፎቹን አንብበው ልጃቸው እንዲማር የሚፈልጉት መሆኑን ይወስኑ።

ደረጃ 7፦ አማርኛን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት

አማርኛ በትርፍ ጊዜ የሚታሰብ ከሆነ አይማሩትም፤ በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ የራሱ ሰዓት ይኑረው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ 231 ስለሚሆኑ በሳምንት ሁለት ዘር መማር በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ለክለሳም ጊዜ ያተርፋል። ሁለቱን ጽሕፈት በአንድ ጊዜ መጀመር የሚያደናግረው ልጅ ከሆነ በአንዱ ቀላል ቃላትን እስኪያነብ ሌላው ይቆይ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግሞ ስታምፕ የተባለው የቋንቋ ምዘና አማርኛን ስለሚያካትት ውጤቱ በብዙ ግዛቶች ለቋንቋ ክሬዲት ወይም ለሁለት ቋንቋ ችሎታ ማኅተም (ተማሪው ሁለት ቋንቋ መቻሉን ለሚያረጋግጥ ዕውቅና) ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ የአስተማሪውን አቅምና ጊዜ መመዘን

ለልጁ የተስማማ መጽሐፍ ለእናቱ ካልተስማማ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በእውነት ያለዎትን ሰዓት ይጻፉ፤ ዕረፍትና እንቅልፍም ይቈጠሩ። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ ወላጅ ከሥራ በሚመለስባቸው ቀናት ዝግጅት የማይፈልግ፣ ተከፍቶ የሚጀመር መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ሙከራና ንግግር የሚበዛባቸው ትምህርቶች ለዕረፍት ቀናት ይተዉ። ትምህርቱም ቅዳሜ ሊሰጥ ይችላል።

የናሙና ገጾችን በአሳታሚው ድረ ገጽ ላይ አውርደው አንድ ሳምንት ያስተምሩበት፤ ከዚያ በኋላ ይግዙ። የመምህር መመሪያውንና የማይጻፍበትን መጽሐፍ ያገለገለ መግዛት ይቻላል፤ ልጁ የሚጽፍበት ደብተር ግን ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ይገዛል፤ አብዛኞቹን ፎቶ ኮፒ ማድረግም በሕግ የተከለከለ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ሒሳብና ንባብ ብቻ ተገዝተው የቀረው ከቤተ መጻሕፍት ቢሟላ ምንም አይጎድልም፤ የሁሉንም ልጆች ሙሉ ካርቶን በአንድ ጊዜ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይመለስ ወጪ ሆኖ ቀርቷል።

ደረጃ 9፦ መሞከርና መቀየር

ለአንድ መጽሐፍ ስድስት ሳምንት ያህል ይስጡት። ልጁ ቢያለቅስ ወይም ቢቆጣ ወዲያው መጽሐፉን ከመጣል በፊት ምክንያቱን መለየት ይገባል። በመጀመሪያ ሰዓቱን ይቀይሩ፤ ከምሳ በኋላ የማይሆን ሒሳብ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ መጠኑን ይቀንሱ፤ ከ30 ጥያቄ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ብቻ ያሠሩ፤ ያን ሁሉ በትክክል ከሠራ የተቀሩት አያስፈልጉትም። ሦስተኛ፣ ደረጃውን ይመርምሩ፤ ከአምስት ጥያቄ ሦስቱን የሚሳሳት ልጅ ከአቅሙ በላይ ተቀምጧልና ወደ ኋላ ይመለስ። እነዚህ ሦስቱ ተሞክረው ካልረዱ መጽሐፉ ይቀየር፤ የሚቀየረው ግን ያልሠራው አንዱ ብቻ ነው። ንባቡ ደህና እየሄደ ሒሳቡ ስለከበደ ሁሉንም ማፍረስ ልጁን ከሚያውቀው ሁሉ ያላቅቀዋል።

በዓመቱ መካከል ከአንዱ የሒሳብ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲዛወሩ የመመደቢያ ፈተናውን እንደገና ማስፈተን የግድ ነው። ማት ዩ ሲ ጋማን የጨረሰ ልጅ ማባዛትን ከእኩዮቹ በላይ ያውቅ ይሆናል፤ ወደ ሳክሰን ሲገባ ግን ያላያቸው የክፍልፋይና የመለኪያ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን ይገጥሙታል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ምርጫው ከልጁ ምቾት በተጨማሪ ኮሌጆች በሚጠይቁት ይወሰናል። የየኮርሱ ስም፣ የተማሩበት መጽሐፍ፣ የሠሩት ሥራና ውጤቱ ለትራንስክሪፕት (ለኮሌጅ ለሚቀርበው የትምህርት ውጤት መዝገብ) ስለሚያስፈልጉ በዚያው ወቅት ይመዝገቡ። ላብራቶሪ የሚፈልጉትን እንደ ኬሚስትሪ ያሉ ትምህርቶች በቤት ማሟላት ካልተቻለ፣ እንደ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሉ ተቋማት በቤት የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለሚቀበሉ ኮርሱን እዚያ መውሰድ ይቻላል። የመግቢያ መስፈርቱንና የመመዝገቢያ ቀኑን የ10ኛ ክፍል ትምህርት ሳያልቅ ይጠይቁ፤ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍም ከዚያ በኋላ ይገዛ።